የሱቅ ሣጥንና የቤት ቦርሳ

የንግድ መሠረቱ ገንዘብ ብቻ እንደሆነ አድርጎ የሚገምት ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ገንዘብ ያለው ሁሉ ነጋዴ ሆኖ እንደማይዘልቅ፣ ገንዘብ ያነሰውም ሁሉ ከገበያ እንደማይወጣ በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ሥርዓት ነው። ሥርዓትም የሚጀምረው ከሱቁ በር ሳይሆን ከቤቱ ጓዳ ነው። ይህም እውነት ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ልጆች እያሳደገች በምትነግድ እናት ሥራ ላይ ነው።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የቡና አገር ዋና ከተማ ናት። የአሁኑ ከተማ ሳይስፋፋ በፊት የሂርማታ የሐሙስ ገበያ በአባ ጅፋር 2ኛ ዘመን ስመ ጥር እንደነበረ በታሪክ የታወቀ ነው። በዚያን ጊዜ ሲራራ ነጋዴው ሸክሙን በአጋሰስ ጭኖ በመንገድ ላይ ወራት ሲቆይ፣ ቤቱን፣ ልጆቹንና የቀረውን ዕቃ የምትጠብቀው ሚስቱ ነበረች። ስሟ ከነጋድያን ጋር ባይቆጠርም የነጋዴው ቤት የቆመው በእሷ ነበር። ዛሬ ሁኔታው ተለውጧል። በመርካቶ ከባንኮኒው ጀርባ ቆማ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ደብተር የምትሸጠው ራሷ እናት የሆነችበት ሱቅ ጥቂት አይደለም። በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ገነትና በጭራም እንደዚሁ ነው። ሆኖም የተለወጠው የሥራዋ ቦታ እንጂ የቤቱ ሸክም አይደለም፤ የቀድሞው ሸክም እንዳለ ሆኖ ሁለተኛው ተጨመረበት።

የዚህ አገር ነጋዴ ዓመት በቡናው የሚመራ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ይበረታል፤ የገበሬው እጅ ያጥራል፤ ሱቁም በዱቤ ይሸጣል። ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ጥር ድረስ ቡናው ይለቀማል፤ ገንዘቡ ይንቀሳቀሳል፤ ዱቤውም ይሰበሰባል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ትምህርት ቤት በሩን ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ የለቀማው ወራት መድረሱ ነው። ልጁ ደብተርና ልብስ የሚፈልግበት፣ ሱቁ አዲስ ዕቃ የሚፈልግበት፣ በግቢው የተሰጣው ጀንፈልም የሚያገላብጠውና ከዝናብ የሚሰበስበው ሰው የሚፈልግበት ጊዜ ተደራርቦ ይመጣል። በነሐሴ ያላሰበች እናት በኅዳር ከሁለት አንዱን ታጣለች፤ ወይ የሱቁን ገበያ፣ ወይ የልጇን ትምህርት። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥርዓት የሱቁን ሣጥን ከቤቱ ቦርሳ መለየት ነው። ብዙዎች «ገንዘቡ ያው የአንድ ቤት ነው፤ መለያየቱ ለምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። መልሱ ቀላል ነው። አንዲት እናት ለቤቷ በየሳምንቱ አንድ ኪሎ ስኳር ከመደርደሪያው ብታነሣ በዓመት 52 ኪሎ ይሆናል። ይህም ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ጆንያ ይበልጣል። ዘይቱ፣ ሳሙናውና ሻማው ሲጨመርበት የሱቁ ትርፍ ማንም ሳይሰርቀው፣ ማንም ሳያባክነው አልቆ ይገኛል። «የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል» የሚባለው ተረት በብዙ ሱቅ ውስጥ የሚፈጸመው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ለቤት የሚነሣው ዕቃ ሁሉ በተገዛበት ዋጋ በደብተር መጻፍ አለበት። እናቲቱም ለራሷ የታወቀ የሳምንት ደመወዝ ቆርጣ፣ ከሣጥኑ አውጥታ ወደ ቤቱ ቦርሳ ማስገባት ይገባታል። የገበያና የቤት ወጪ የሚከፈለው ከቦርሳው እንጂ ከሣጥኑ አይሁን። ደመወዟን ያልቆረጠች ነጋዴ ሱቋ ያትርፍ ወይም ይክሰር ልታውቅ አትችልም፤ የራሷ ድካም በነፃ ስለሚቆጠር የከሰረው ሱቅ ያተረፈ መስሎ ይታያታል።

ይህ ልማድ ለሀብታም ብቻ የሚሆን ወይም ብዙ ትምህርት የሚጠይቅ አይደለም። በጃፓን አገር ሀኒ ሞቶኮ የተባሉ ሴት ጋዜጠኛ በ1904 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለቤት እመቤቶች የሚሆን የገቢና የወጪ መዝገብ አዘጋጅተው ነበር። እንዲህ ያለውን መዝገብ የመያዝ ልማድም በዚያ አገር ቤቶች እስካሁን ድረስ አልጠፋም። ለመርካቶ ባለሱቅ አራት ዓምድ ያለው አንድ ደብተር ይበቃታል፤ የገባ፣ የወጣ፣ ለቤት የተነሣ፣ በዱቤ የተሰጠ። ማታ ከመተኛት በፊት የሚጻፍ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ነጋዴ መዝገብ እንዲይዝ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ያዝዝ ነበር፤ በ2013 ዓ.ም. የተተካው አዲሱ ሕግም ይህን ሐሳብ አልተወውም። ባንክም ብድር ሲጠየቅ የሚመለከተው ይህንኑ ነው። በሴቶች አነሳሽነት ተቋቁሞ በ2005 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እናት ባንክ እንኳ በሩን ቢከፍትላት፣ ደብተር የሌላት ነጋዴ ይዛው የምትገባው ነገር የላትም።

ሁለተኛው የዱቤው ነገር ነው። በክረምት የተሰጠ ዱቤ በለቀማ ጊዜ ብዙውን ጊዜ በጀንፈል ይከፈላል። በዚህ ላይ የሚታየው ስሕተት ጀንፈሉ ሳይመዘን ወይም ዋጋው ሳይጻፍ «ተከፍሏል» መባሉ ነው። ሁለት ፈረሱላ፣ ማለት 34 ኪሎ ያህል ጀንፈል፣ ሲፈለፈል የሚሰጠው ንጹሕ ቡና አንድ ፈረሱላ ገደማ ነው፤ ያልደረቀ እንደሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ ከርሞም ይሻግታል። እንግዲህ ጀንፈሉ በተቀበለችበት ቀን ዋጋ ተተምኖ፣ ድርቀቱ ታይቶ፣ ገበሬው እየሰማ ይጻፍ። እንዲህ የተጻፈ ሒሳብ ባለሱቋን ከኪሳራ፣ ገበሬውን ከጥርጣሬ ያድናል፤ በሁለቱ ቤተሰብ መካከል ያለውን መተማመንም ያጸናል።

ሦስተኛው ዕቁብ ነው። ዕቁብ የመርካቶ ባንክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ብዙ ሱቅ መነሻውን ያገኘው ከእሱ ነው። ነገር ግን ዕቁቡ የሱቅ ነው ወይስ የቤት? ይህ አስቀድሞ ካልተለየ ከሱቅ ሣጥን ሲከፈል የከረመ ዕጣ በወጣበት ቀን የቤት ዕቃ ገዝቶ ይቀራል። ጊዜውም ሊታሰብበት ይገባል። 20 አባላት ያሉት የሳምንት ዕቁብ 20 ሳምንት ይፈጃል፤ በመስከረም መጀመሪያ የተጀመረ እንደሆነ በጥር ይጠናቀቃል፤ ይኸውም ገንዘብ ከሚንቀሳቀስበት ወራት ጋር የሚስማማ ነው። በግንቦት የተጀመረው ግን ክረምቱን ሙሉ ዱቤ በሚበዛበት ጊዜ በየሳምንቱ ክፈይ ይላል። ዕቁብን መግባት ያለባት በጥሩ ሳምንቷ አቅም ሳይሆን በደካማው ሳምንቷ አቅም ነው።

አራተኛው የሐሙስ ነገር ነው። የገበያ ቀን የሚሸነፈው ወይም የሚረታው በረቡዕ ማታ ነው። ዝርዝር ገንዘቡ፣ ሚዛኑ፣ ጆንያውና ማሰሪያው ረቡዕ ማታ ይዘጋጅ። የልጆቹ ልብስ ታጥቦ፣ ደብተራቸው በየቦርሳቸው ገብቶ፣ የነገ ምሳቸው ታስቦ ይደር። ማን ወደ ትምህርት ቤት እንደሚያደርሳቸው፣ ማን እንደሚቀበላቸው በዚያው ማታ ይወሰን። ከዓመቱም ጋር እንዲሁ ነው። የነሐሴ አንድ ማታ ተወስዶ የትምህርት ቤት ወጪ፣ የዕቁብ ቀን፣ የዕድር ክፍያ፣ መስቀል፣ ገናና ጥምቀት፣ እንዲሁም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ የሚመጣው ረመዳንና ዒዱ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ወረቀቱም ቤተሰቡ ሁሉ በሚያየው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር ሳይታለፍ ሊነገር ይገባል። ሥርዓት ባልያዘ ቤት የሐሙስን ጉድለት የሚከፍለው ማነው? ብዙ ጊዜ ታላቂቱ ልጅ ናት። ሰው ሲበዛ «ዛሬ አንድ ቀን ብትቀሪስ» ትባላለች። ሚዛኑን ትይዛለች፤ ታናናሾቿን ትጠብቃለች። ከጥቅምት እስከ ጥር መጨረሻ ያሉት ሐሙሶች 17 ያህል ናቸው። በየሐሙሱ የቀረች ልጅ በእነዚህ አራት ወራት ብቻ ከ3 የትምህርት ሳምንት በላይ ታጣለች ማለት ነው። በየሐሙሱ አንድ ቀን ብቻ ስለሚመስል ማንም አይቆጥረውም፤ በፈተና ጊዜ ግን ተቆጥሮ ይገኛል። ልጅ በሱቅ ውስጥ መማሩ መልካም ነው፤ ከትምህርት ሲመለስ መመዘንን፣ መልስ መስጠትንና ሰው አክብሮ ማነጋገርን ከእናቱ ቢቀስም የሚጠላ የለም። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚሠራ እንደሆነም ነፃው ግማሽ ቀን አለ። የክፍሉን ሰዓት ቀምቶ ለሱቅ መስጠት ግን ከዋናው ገንዘብ አንሥቶ እንደ መብላት ነው። ለገበያው ቀን አንድ ረዳት መቅጠር ውድ ቢመስልም ከዚህ ዕዳ ይረክሳል።

ስለ ወሊድም እንዲሁ ማሰብ ያስፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ተቀጥራ ለምትሠራ ሴት ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር የዕረፍት ፈቃድ ይሰጣታል። ለራሷ የምትሠራ ባለሱቅ ግን ይህን ፈቃድ የሚሰጣት አሠሪ የላትም፤ ራሷ ለራሷ ልትሰጠው ይገባል። ይህም የሚሆነው ተተኪው ሰው ከወራት በፊት ሲለምድ፣ ዕቃው ተቆጥሮ ሲረከብ፣ ዱቤ የሚሰጣቸውና የማይሰጣቸው ሰዎች ስም ሲጻፍ ነው። እንዲህ ያላደረገች እናት አራስ ሆና ሳለች ከአልጋዋ ላይ ሱቅ ትመራለች፤ ይህም ለጤናዋም ለሱቋም አይበጅም።

የባልም ድርሻ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ አድርጎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን በአስተዳደር እኩል አድርጓቸዋል። ሕጉ በወረቀት ላይ እኩል ያደረገውን ደብተሩ በቤት ውስጥ እኩል ሊያደርገው ይገባል። ሁለቱም በሳምንት አንድ ማታ ደብተሩን አብረው ቢመለከቱ፣ ከሣጥኑ ሳይነግሩ የማንሣት ልማድ ይቀራል፤ ከዚህ የሚነሣው ጠብም ይቀንሳል። ሱቁን ሚስት ስትይዝ ደግሞ ልጆችን ማድረስና መቀበል የባል ሥራ ቢሆን ክብሩን የሚቀንስ ነገር የለበትም።

በመጨረሻም ነገሩ ጅምላ ነጋዴዎችን፣ አስመጪዎችንና ላኪዎችን የሚመለከት ነው። ለምሳሌ አንድ ዕቃ አድራሽ ወጣት ሐሙስ ጠዋት፣ ሱቁ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ መኪናውን በር ላይ አቁሞ «እትዬ፣ ባለሱቁ የሉም እንዴ?» ይላል እንበል። እሷም ከሚዛኑ ቀና ሳትል «የምታነጋግራት ናት ባለሱቋ፣ የኔ ልጅ፤ በል ቆጥረህ አውርድ» ትለዋለች። ነገሩ የሚያስቅ ቢሆንም ከሳቅ በላይ የሆነ ትምህርት አለው። ዕቃ በገበያ ቀን ጠዋት መላክ፣ ብዛቱ በግልጽ ያልተጻፈ ደረሰኝ መስጠት፣ ዱቤውንም ቡናው ሳይለቀም በመስከረም ክፈይ ማለት የላኪውን ሥራ አያቀልለትም። ዕቃው በረቡዕ ቢደርስ፣ ደረሰኙ በእሷ ስም ቢጻፍ፣ የክፍያው ቀን ወደ ታኅሣሥ ቢዛወር ሻጩም የሚያገኘው ገንዘቡን ያለ ጭቅጭቅ ነው። በሥርዓት ከምትኖር ደንበኛ የሚሰበሰብ ዱቤ ከምንም መያዣ ይልቅ የታመነ ነው።

ሴት በንግድ ላይ መዋሏ ቤቷን ይፈታል የሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ አሁንም አልጠፉም። ቤትን የሚፈታው ግን ንግድ ሳይሆን ንግድና ቤት ያለ ወሰን መደባለቃቸው ነው፤ ይህም ለወንዱም ለሴቷም እኩል የሆነ ነገር ነው። ሣጥኑ ከቦርሳው ሲለይ፣ ረቡዕ ማታ ለሐሙስ ሲታሰብ፣ ልጂቱም ሐሙስ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ከክፍሏ ስትገኝ፣ ሱቁም ቤቱም ይጸናል። የቡናው ዋጋ በየዓመቱ ከፍና ዝቅ ማለቱን የሚያስቀር ነጋዴ የለም፤ የቤቱን ሥርዓት ማጽናት ግን በእያንዳንዱ ነጋዴ እጅ ያለ ነገር ነው።