የጐንደር ግንብ በምን ይጠገን?

የጐንደር ነገሥታት ግቢ በዓለም የታወቀ ቅርስ ስለ ሆነ ከእንግዲህ ወዲህ የሚያሰጋው ነገር የለም ብለው የሚያስቡ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። እርግጥ፣ ዓፄ ፋሲል በ1628 ዓመተ ምሕረት ጐንደርን ከቈረቈሩ ጀምሮ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ያሠሩት፣ 900 ሜትር ርዝመት ባለው ቅጥር የተከበበው ይህ ግቢ በ1972 ዓመተ ምሕረት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። መዝገብ ግን ዝናም አይከለክልም። ግንቡ እስከ ዛሬ የቆመው ድንጋዩን ከድንጋይ ባያያዘው ኖራ ነው።

ኖራ ለስላሳ ነው። ግድግዳው በክረምት የጠጣውን ውሃ በበጋ በኖራው በኩል ይለቃል። ሲሚንቶ ግን እጅግ ስለሚጠነክር ርጥበቱን ከውስጥ ያስቀረዋል፤ ውሃውም መውጫ ሲያጣ ድንጋዩን እየፈረፈረ ይበላዋል። ጠጋኙም አበረታሁ ሲል ያደክመዋል። ጠላት ኢጣልያ በወረራው ዘመን ግቢውን መሥሪያ ቤት ባደረገው ጊዜ በሲሚንቶና በኮንክሪት አደሰው፤ ከዚያ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ያንን እያነሡ ኖራውን ለመመለስ ብዙ ደክመዋል። ከጐንደር በፊት ዓፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራንዝ አጠገብ በኮረብታ ላይ ላሠሩት ለጉዛራ ግንብም የሚያስፈልገው ይኸው ጥንቃቄ ነው፤ ይልቁንም የጐንደር አሠራር ከየት እንደ ተነሣ የሚያስረዳ እርሱ ነውና።

በባቲና በከሚሴ ላለ ሹም ይህ የሩቅ አገር ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከከሚሴ በስተ ደቡብ በይፋት ቈላ የጥንት መስጊዶችና ከተሞች የድንጋይ ፍራሽ አለ፤ በደጋውም የቆዩ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። አንድ ገበዝ ከምእመናን ገንዘብ ሰብስቦ የተሰነጠቀውን ግድግዳ በሲሚንቶ ቢለስነው በቅን ልቡ ያደረገው ስለ ሆነ የሚወቅሰው አይገኝም፤ ጉዳቱ የሚታየው ከብዙ ክረምት በኋላ ነውና። በ1992 ዓመተ ምሕረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ባለሥልጣኑ ፈቃድ እንዳይጠገን ያዛል። ሹሙ ይህን ለየአጥቢያው ካህናትና ሽማግሌዎች ሲሚንቶው ከመገዛቱ በፊት ሊነግራቸው ይገባል። ለጥገና ገንዘብ የሚመድበውም መሥሪያ ቤት ከድንጋዩና ከእንጨቱ ዋጋ ጋር ኖራ አቃጥሎ፣ አብርዶ፣ ለክቶ የሚያቦካውን ግንበኛ ደመወዝ፣ ከእርሱም ሥር ሆነው ሙያውን የሚማሩትን ወጣቶች ቀለብ አብሮ ያስብ።