ቮልት አያልፍም

በዚህ ቡሌቲን ላይ ስለ ፊዚክስ መጻፍ ምን ይሉታል የምትሉ ትኖራላችሁ። ብዙዎቻችን እኮ 11ኛ ክፍል ላይ ማኅበራዊ ሳይንስ ስንመርጥ ከፊዚክስ ጋር ተፋተናል። ይሁንና ዜና ስንጽፍ ተመልሶ ይመጣብናል። በአደጋ ዜና ላይ «15 ሺህ ቮልት በሰውነቱ ውስጥ አልፎ» የሚል ዓረፍተ ነገር ያላነበበ ማን አለ? በእኔ እምነት ይህ አነጋገር የአንባቢን ሕይወት እስከመንካት ይደርሳል።

እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። ቮልት በሁለት ነጥቦች መካከል ያለ ልዩነት ነው። ቻርጅን ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ለማንቀሳቀስ የተሠራው ሥራ በጁል ይለካል፤ የቻርጁ መጠን ደግሞ በኩሎምብ። ሥራውን ለቻርጁ ስናካፍለው የፖቴንሻል ልዩነቱን በቮልት እናገኛለን። 3 ኩሎምብ ለማንቀሳቀስ 36 ጁል ሥራ ከተሠራ፣ 36 ለ3 ሲካፈል 12 ቮልት፤ የመኪና ባትሪ ማለት ነው። በቃ፣ ከማካፈል ያለፈ ሒሳብ የለውም።

ዋናው ጥያቄ «ከየት እስከ የት?» የሚለው ነው። ቮልት ከተባለ ሁለት ቦታ አለ ማለት ነው፤ የሚያልፈው ከረንቱ ነው። ወፍ በባዶ ሽቦ ላይ ቆማ የማትሞተው ሁለቱ እግሮቿ በአንድ ሽቦ ላይ ተቀራርበው ስላረፉና በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከምንም ስለማይቆጠር ነው።

አሁን ሽቦው ተበጥሶ መሬት ላይ ወደቀ እንበል። ከረንቱ በመሬቱ ውስጥ ይሠራጫል፤ ቮልቱም ሽቦው ካረፈበት ቦታ በራቅን መጠን እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ወደዚያ የሚራመድ ሰው የፊትና የኋላ እግሩ ያረፉበት መሬት እኩል አይደለም። ከረንቱ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሽቦውን ሳይነካ! እርምጃው በሰፋ ቁጥር ልዩነቱም ይጨምራል። የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ ከብቶች ደግሞ የባሰ ይጎዳሉ።

ታዲያ ዜናችንን «ኅብረተሰቡ የወደቀ ሽቦ እንዳይነካ አሳሰቡ» ብለን ስንዘጋ ምክሩን ግማሽ ላይ ቆረጥነው። ከብቱን ለማባረር የሚጠጋው ገበሬ ሽቦውን አልነካም እኮ። ሊነገረው የሚገባው ጭራሽ እንዳይቀርብ ነው። ሳያውቅ ቀርቦ ከተገኘም እንዳይሮጥ፣ ሁለት እግሩን አጠጋግቶ፣ ከመሬት ሳያነሳ በትንሽ በትንሹ እየጎተተ እንዲርቅ ነው።

«ጋዜጠኛው ባለሙያው ያለውን ነው የጻፈው» የሚል መከራከሪያ እሰማለሁ። አልቀበለውም። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ እያልን የምንማረው ባለሙያው ያላለውንም ልንጠይቀው አይደል? «ልዩነቱ በምንና በምን መካከል ነው? ስንት ሜትር መራቅ አለብን?» ለማለት የፊዚክስ ዲግሪ አይጠይቅም።

ትምህርት ክፍላችን ለአንድ ከሰዓት በኋላ የፊዚክስ መምህር ቢጋብዝልን ምን ይለዋል? አንድ ባትሪና አንድ የቮልት መለኪያ ይዘው ይምጡልን። መለኪያው ለምን ሁለት ገመድ እንዳለው በዓይናችን እንየው።