«በጉ ስንት ዓመት ኖረ?» ብለን እንጠይቅ



«አዲስ ሕክምና ነው፣ በዓለም የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት» ሲባል ብዙ ሰው ደስ ይለዋል። እኔ የምፈራው ያኔ ነው።

በ2011 ስቶክሆልም፣ ካሮሊንስካ ሆስፒታል፣ አይስላንድ የሚማር አንድ ኤርትራዊ የመተንፈሻ ቧንቧው ላይ ዕጢ ነበረበት። ፓውሎ ማኪያሪኒ የሚባል ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም ቧንቧውን አውጥቶ በፕላስቲክ ተካው። ፕላስቲኩ ከሰውየው መቅኒ በተወሰደ ስቴም ሴል ተነክሯል፣ ቀስ በቀስ ሥጋ ይሆናል ተባለ። በአምስት ወሩ «ላንሴት» ላይ ጥሩ ውጤት ተብሎ ወጣ። ሰውየው በጥር 2014 ሞተ። እዚያው ሆስፒታል የተተከለላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎችም ሞተዋል። ጽሑፉ በኋላ ተሰረዘ፤ ሐኪሙም በ2023 በስዊድን ይግባኝ ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደበት።

ታዲያ ምን ጎደለ? ያ ፕላስቲክ ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት በእንስሳ ላይ በወጉ አልተሞከረም።

ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። የመተንፈሻ ቧንቧ የውሃ ቱቦ አይደለም። ውስጡ ደም የሚመግበው ስስ ሽፋን አለው፣ አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉ ደቃቅ ጸጉሮች አሉት፤ ከውጭ አየር ጋር ጀርም ሁልጊዜ ይገባበታል። ፕላስቲክ ደም ሥር የለውም። አክታው ይጠራቀማል፣ መጋጠሚያው ይቆስላል፣ ጠባሳ ይዘጋዋል። ይሄ ሁሉ በሳምንት አይታይም፤ በወራትና በዓመታት ነው የሚታየው። ለዚህ ነው እንስሳው ረጅም ጊዜ መታየት ያለበት። ፈረንሳዮች ከሬሳ በተወሰደ የደም ሥር ቧንቧውን ለመተካት ሲያስቡ መጀመሪያ በጎች ላይ ለዓመታት ሠርተዋል። የ13 በሽተኞችን ውጤት ያሳተሙት በ2018 ነው። ቀርፋፋ ይመስላል፣ ግን ሥራ ማለት ይሄ ነው።

አንዳንዱ «እኛ ዕብራይስጥ ስለማንችል ነው የምንታለለው» ይላል። ያ ኤርትራዊ እኮ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ የሚያጠና ሰው ነበር። ቋንቋ ብቻ አይደለም ችግሩ፤ የሚጠየቀውን አለማወቅ ነው።

በሌላ በኩል፣ በ1996 ከደማችን መጣል ወዲህ፣ በኋላም ከዴፖ ፕሮቬራው ነገር ወዲህ «ሁሉም ሙከራ ነው» ብሎ ከኩፓት ሆሊም የሚሸሽ አለ። ንዴቱ ይገባኛል። በሥራዬ ግን ስኳሩን ሳይታከም እግሩን ያጣ ሰውም አይቻለሁ። መሸሽ መልስ አይደለም።

እዚህ አገር በሰው ላይ ለሚደረግ ሙከራ «ቫዓዳት ሄልሲንኪ» የሚባል ኮሚቴ መፍቀድ አለበት። እንግዲህ ቶፌስ ሲሰጣችሁ፦ የሄልሲንኪ ፈቃድ አለው ወይ? በእንስሳ ተሞክሯል ወይ፣ ስንት ጊዜ ኖሩ፣ የሞቱትስ በምን? በሉ። የ1996ቱ የበሽተኛ መብት ሕግ በሚገባችሁ መንገድ እንዲያስረዱ ያስገድዳቸዋል። እባካችሁ የ12 ዓመት ልጅ አታስተርጉሙ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ። አስቸኳይ ካልሆነ ደግሞ ቶፌሱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡት፣ አስነብቡት።