ሕያው ጭነት ድንበር ከመሻገሩ በፊት፦ ዝምታ ፈቃድ የማይሆንበት ሕግ

የዓረፋ በዓል በተቃረበ ቁጥር የጂዳ እስላማዊ ወደብ ሥራ ይበረታል። ከጅቡቲ፣ ከበርበራና ከሱዳን ወደቦች የሚነሡ መርከቦች በግና ፍየል፣ ግመልና የቀንድ ከብት ጭነው ቀይ ባሕርን ይሻገራሉ፤ ብዙዎቹም እንስሳት ለሐጅ መሥዋዕት ወደ መካ ቄራዎች ያመራሉ። ተመልካች የሚያየው መርከቡንና መንጋውን ነው። ከመንጋው ቀድሞ መድረስ ያለበት ግን ወረቀት ነው። የማስገቢያ ፈቃድ ሳይጠየቅለትና የጤና ምስክር ወረቀት ሳይያዝለት የተጫነ መንጋ ወደቡ ላይ ስለደረሰ ብቻ ወደ አገር ይገባል ማለት አይደለም።

ይህ አስቀድሞ የማሳወቅ ሥርዓት እጅግ ጠበቅ ያለ መልክ የያዘው በዘረ መል ምሕንድስና የተለወጡ ሕያዋንን በሚመለከተው የካርታኼና የደኅንነተ ሕይወት ፕሮቶኮል ነው። ፕሮቶኮሉ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2000 በሞንትሪያል ጸድቆ ከሴፕቴምበር 2003 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል፤ ሳዑዲ ዓረቢያም በ2007 ተቀላቅላዋለች። እንዲዘራ ወይም በአካባቢ እንዲለቀቅ የታሰበ ልውጥ ሕያው ለመጀመሪያ ጊዜ ድንበር ከመሻገሩ በፊት የተቀባዩ አገር ባለሥልጣን በጽሑፍ እንዲያውቀው ይደረጋል። ተቀባዩ አገር ማሳወቂያው መድረሱን በ90 ቀናት፣ ውሳኔውን ደግሞ በ270 ቀናት ውስጥ ይገልጻል። ቀናቱ አልፈው መልስ ባይሰጥ ግን ላኪው «ዝም ስላሉኝ ፈቅደዋል» ሊል አይችልም።

ሁሉም አገር እንዲህ አላሰበም። የፕሮቶኮሉ አባል ባልሆነችው በካናዳ አዲስ ሕያው ለማስገባት ወይም ለማምረት የሚሻ ድርጅት መረጃውን ለመንግሥት ያቀርባል፤ የተወሰነው የምርመራ ጊዜ መንግሥት እርምጃ ሳይወስድ ካበቃ ሥራውን መጀመር ይችላል። ብዙ መርማሪና ሰፊ ቤተ ሙከራ ያለው አገር በዚህ መንገድ ቢሄድ አያስደንቅም። ባለሙያዎቹ ጥቂት የሆኑበት አገር ግን የመዘግየቱ ዋጋ በአመልካቹ ላይ እንጂ በእርሻውና በሕዝቡ ላይ እንዳይወድቅ መሻቱ ተገቢ ነው።

በድርድሩ የአፍሪካን ቡድን የመሩት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር ነበሩ። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 655/2001 ጥብቅ የደኅንነተ ሕይወት ሕግ አወጣች። ጥብቅነቱ ምርምርን ጭምር ያስራል የሚል ክርክር ስለተነሣበት በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ተሻሻለ፤ እ.ኤ.አ. በ2018ም ትልን የሚቋቋም ልውጥ የጥጥ ዝርያ እንዲዘራ ተፈቀደ። ለመኖና ለምግብ በመርከብ የሚጓዘው ልውጥ በቆሎና አኩሪ አተር ግን በፕሮቶኮሉ ውስጥ ቀለል ባለ ሌላ መንገድ የሚስተናገድ ነው። ከጆንያ የፈሰሰ በቆሎ ዘር መሆኑን አይረሳም፤ በጂዳ ደረቅ አፈር ላይ መብቀሉ አጠራጣሪ ቢሆንም።

ይሁን እንጂ ይህን አካባቢ እስካሁን የጎዱት ሕያዋን በቤተ ሙከራ የተለወጡ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. በ1987 በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቅ በቀጢፍ የታየው ቀዩ የተምር ነቀዝ መነሻው ደቡብ እስያ ነው። እንቁላሉን በተምር ግንድ ላይ ይጥላል፤ የሚፈለፈለው ትል ወደ ውስጥ ገብቶ ግንዱን ይቦረቡራል። ዛፉ ከውጭ ሲታይ ጤነኛ ነው፤ ጉዳቱ ሲታወቅ ብዙ ጊዜ መሽቷል። ነቀዙ ከአገር ወደ አገር፣ ከእርሻ ወደ እርሻ የተዛመተው በዋናነት ሰው ለተከላ ባጓጓዘው ቡቃያና ዛፍ ውስጥ ተደብቆ ነው። (በመርከብ ተሳፍሮ ከሕንድ ወገን ጂዳ የደረሰውን ቁራ ግን የትኛውም ማሳወቂያ ሊያስቆመው አይችልም ነበር።)

ፕሮቶኮሉ በጸደቀበት በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ በሴፕቴምበር ወር፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በጂዛንና በየመን ተቀሰቀሰ። በሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቫይረሱ በ1997 እና 1998 በምሥራቅ አፍሪካ ከታየው ጋር እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ በመገኘቱ ጥርጣሬው በቁም እንስሳት ንግድ ላይ አረፈ። በሽታው በትንኝ ይተላለፋል፤ በሚታረድ እንስሳ ደምና በውርጃም ይተላለፋል። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚያገኘው እረኛውንና አራጁን ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ከተሰማሩት መካከል ደግሞ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም።

ሳዑዲ ዓረቢያ ከአፍሪካ ቀንድ በሚመጡ የቁም እንስሳት ላይ የጣለችው እገዳ እስከ 2009 መገባደጃ ዘለቀ። በዚያ ወቅት ሕዝብን ለመጠበቅ ከዚያ የቀረበ መሣሪያ አልነበረም ቢባል ስሕተት አይሆንም። ሆኖም በበርበራ በኩል ይሸጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል አርብቶ አደር በጎቹ ጤነኞች ቢሆኑም ጤነኝነታቸውን የሚያስመሰክርበት ቦታ ስላልነበረው ዘጠኝ ዓመት ያህል ዋናውን ገበያውን አጣ። በሩ የተከፈተው በ2006 በጅቡቲ፣ በ2009 ደግሞ በበርበራ የእንስሳት ኳራንቲን ጣቢያዎች ሥራ ከጀመሩ በኋላ ነው። አስቀድሞ የማሳወቅና የመመርመር ሥርዓት ለሻጩም ዋስትና መሆኑ የታየው በዚህ ነው፤ ሥርዓት በሌለበት የቀረው ምርጫ ሙሉ እገዳ ብቻ ነበርና።

ዛሬ በሳዑዲ ዓረቢያ ይህን ሥራ የአካባቢ፣ ውኃና ግብርና ሚኒስቴር ከዕፅዋት ተባዮችና ከእንስሳት በሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ ብሔራዊ ማዕከል ጋር ይመራዋል። የዱር እንስሳትን በተመለከተ ሕጉ የከበደ ነው፤ ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን መነገድ እስከ 10 ዓመት እስራትና እስከ 30 ሚሊዮን ሪያል ቅጣት ሊያስከትል ይችላል። ከአፍሪካ ቀንድ በድብቅ የሚወጡ የአቦሸማኔ ግልገሎች ጉዳይ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው።

በአንባቢው ሻንጣ ውስጥ ያለው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፦ የጎመን ዘር፣ የጤና አዳም ችግኝ፣ የበሶብላ ፍሬ። «የእንጀራ እርሾስ?» የሚል ይኖራል። እርሾ በእርግጥ ሕያው ነው፤ ዘረ መሉ በምሕንድስና ያልተለወጠ በመሆኑ ግን ፕሮቶኮሉ አይመለከተውም። ደግሞም ጂዳ ላይ የጤፍ ዱቄት በውኃ ቢቦካ እርሾው በጥቂት ቀናት ራሱ ይመጣል። ዘርና ችግኝ ግን የተለዩ ናቸው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የግብርና ኳራንቲን ሕግ መሠረት ለተከላ የሚመጣ ዕፅ ቀድሞ የተገኘ የማስገቢያ ፈቃድና ከላኪው አገር የተሰጠ የዕፅዋት ጤንነት ሰርተፍኬት ያስፈልገዋል። አፈር የያዘ ሥር ደግሞ በዓይን የማይታዩ ትሎችንና ፈንገሶችን ሊሸከም ስለሚችል ችግኝ ከዘር ይልቅ ያሠጋል። ሰርተፍኬቱ በአዲስ አበባ ከግብርና ባለሥልጣን የሚጠየቀው የጉዞው ቀን ከመድረሱ በፊት ነው፤ ቦሌ ላይ ሻንጣ ከተመዘነ በኋላ ወይም ጂዳ ላይ ፈታሹ ሲከፍተው የሚጀመር ማስረዳት ማሳወቂያ አይባልም። የእነዚህ መመሪያዎች ዋና ዋና ነጥቦች ዓረብኛና እንግሊዝኛ ለማያነበው ሠራተኛ በአማርኛም ቢደርሱት መልካም ነበር።

በተምር እርሻ የሚሠራ ሰው ከግንዱ ቡናማ ፈሳሽ ሲወጣ፣ የቦካ ሽታ ሲሸተው ወይም ከውስጥ የማኘክ ድምፅ ሲሰማ ቡቃያውን ወደ ሌላ እርሻ ሳያዛውር ለአሠሪው ይናገር። በመንጋ ውስጥ በአንድ ጊዜ ብዙ በጎች ሲያስወርዱ ወይም ግልገሎች በብዛት ሲሞቱ ያየም እንዲሁ፤ ውርጃውንና ደሙን በባዶ እጅ አይንካ፣ የእንስሳት ሐኪም እስኪያይም መንጋው ከቦታው አይነሣ።