የአርክቲክ በረዶ መቅለጥና የትንበያ ሞዴሎች ፈተና

የአርክቲክ የባህር በረዶ ስፋት እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2012 ወደ 3 ነጥብ 4 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር በመውረድ፣ የሳተላይት ልኬት ከተጀመረበት ከ1979 ወዲህ ዝቅተኛው ሆኖ ተመዝግቧል። ቀደም ሲል የተዘጋጁት አብዛኞቹ የአየር ንብረት ሞዴሎች ግን ቅነሳው ይህን ያህል ፈጣን እንደሚሆን አላመለከቱም ነበር።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የከባቢ አየር፣ የባህር በረዶና የውቅያኖስ መስተጋብር ውስብስብነት ነው። በረዶ የፀሐይን ብርሃን መልሶ ያንጸባርቃል፤ ሲቀልጥ ግን ጠቆር ያለው ውኃ ሙቀቱን ስለሚይዝ መቅለጡ ይባባሳል።

በጀርመኑ አልፍሬድ ቬገነር ኢንስቲትዩት መሪነት ከ2019 እስከ 2020 የተካሄደው የሞዛይክ ጉዞ ይህን የዕውቀት ክፍተት ለማጥበብ ያለመ ነበር። ፖላርሽተርን የተሰኘችው መርከብ ከበረዶው ጋር እየተንሳፈፈች፣ ተመራማሪዎች ሦስቱንም በአንድነት ለወራት ለክተዋል።

ሞዴል የመስክ ልኬትን አይተካም። በመሆኑም በትንበያ ላይ ተመሥርቶ ዕቅድ የሚያወጣ አካል ለምልከታ ሥራም በጀት ሊመድብ ይገባል።