ስንዴ ይዞ እሳት ማጣት

ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የሚመጣውን ዜና ባለፉት ዓመታት የተከታተለ ሰው አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ሰምቷል፦ ለተፈናቀሉ ወገኖች ብርድ ልብስ፣ ሸራ፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ ሳሙና፣ ስንዴና ዘይት ተከፋፈለ። መልካም ነው። እኔን የሚከነክነኝ ዝርዝሩ ውስጥ የማልሰማው ነገር ነው። ስንዴው ጥሬ ነው፣ ድስቱ ባዶ ነው። ሸራ ሥር የተቀመጠችው እናት ይህን ሁሉ ወደ ምግብ የምትለውጠው በምን እሳት ነው? ከእርዳታው ጋር ክብሪት ወይም ላይተር ታደለ የሚል ዜና ሰምቼ አላውቅም።

«ክብሪት ደግሞ ምን ቁም ነገር ነው፣ ከየትም ኪዮስክ ይገዛል» የሚል አይጠፋም። ኪዮስኩ ክፍት በሆነበት ቀን እውነት ነው። መስከረም 16 ቀን 2011 ዓ.ም. የካማሺ ዞን አመራሮች ከተገደሉ በኋላ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ወደ ምሥራቅና ምዕራብ ወለጋ ተሰደደ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. መተከል ቡለን ወረዳ፣ በኩጂ ላይ ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ የተረፈው ጫካ ገባ፤ በዚያው ሰሞን ብዙ የመተከል ተፈናቃይ ቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው መጠለያ ተሰበሰበ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ደግሞ ኩርሙክ ላይ ድንበሩን አቋርጦ የሚመጣው ሰው እጁ ላይ ከተንጠለጠለችው ፌስታል ሌላ የያዘው አልነበረውም። በእነዚህ ቀናት መጀመሪያ የሚዘጋው ሱቅ ነው። ሰው ሲሮጥ ደግሞ ልጁን ያነሳል፣ መታወቂያውን ያነሳል፤ ምድጃው አጠገብ ያለችውን ክብሪት ማንም አያስታውሳትም።

በሽሽት ላይ ያለ ሰው እሳት አያነድም፤ ጭሱም ብርሃኑም ያጋልጠዋል። የእሳት ጥያቄ የሚመጣው ነፍስ ከተረፈ በኋላ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን፣ ልብስ በሰውነት ላይ ርሶ ሕፃን ሲንቀጠቀጥ ነው። ውኃ ካልፈላ ተቅማጥ አለ። ጥሬ ባቄላና ስንዴ ሕፃን አይበላም። ይህ ሁሉ በአንዲት ብልጭታ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ነገሩ የእኔ ብቻ ሐሳብ አይደለም። የሰብዓዊ እርዳታ ድርጅቶች የሚመሩበት የስፊር መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው እትሙ፣ ተጎጂዎች ምድጃና ማገዶ ብቻ ሳይሆን ክብሪት ወይም ሌላ ተስማሚ መለኮሻም እንዲያገኙ ይላል። ወረቀቱ ላይ አለ። መኪናው ላይ መጫኑ ነው ጥያቄው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። በዚህ ጉዳይ ላይ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ለመዝናናት ካምፒንግ ለሚወጣ አውሮፓዊና አሜሪካዊ የተጻፈ ስለሆነ፣ አሶሳ ላይ ብዙ አይሠራም። እኛ ጋ ዋናው ጠላት ዝናብ ነው። አሶሳ ከግንቦት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ድረስ ይዘንባል፤ በዓመት የሚወርደው ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የምንመርጠው መሣሪያ የሚፈተነው ደረቅ ጠረጴዛ ላይ አይደለም፤ ረጥቦ፣ ጭቃ ነክቶ፣ በደከመ እጅ ሲያዝ ነው።

ክብሪትን እናስቀድም፤ ሁሉም የሚያውቀው እሱን ነው። (ቃሉ ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ድኝ ማለት ነው። ስለዚህ ኩርሙክ ላይ ከወዲህም ከወዲያም ያለ ሰው «ክብሪት» ሲባል አስተርጓሚ አይፈልግም።) ዛሬ የምንጠቀምበት ክብሪት ስዊድናዊው ጉስታፍ ኤሪክ ፓሽ እ.ኤ.አ. በ1844 ያስመዘገበው ዓይነት ነው። ብልሃቱ ኬሚካሉን ለሁለት መክፈሉ ነው፤ ራሷ ላይ ፖታሲየም ክሎሬት አለ፣ ቀዩ ፎስፈረስ ደግሞ ሣጥኑ ጎን ላይ ካለው መጫሪያ ጋር ተለጥፏል። ሁለቱ ካልተገናኙ አይቀጣጠልም፤ ኪስ ውስጥ በራሱ አይነድም። ግን ችግሩም እዚያው ላይ ነው። እንጨቶቹን እንደ ምንም ከዝናብ ብታድኗቸውም ካርቶኑ ከራሰ መጫሪያው ይላጣል፤ ያኔ 40 ደረቅ ክብሪት ይዞ እሳት ማጣት አለ። መጫሪያውን ቆርጦ ከእንጨቶቹ ጋር በደንብ በሚከደን ትንሽ ሃይላንድ ውስጥ ማስገባት ነው መድኃኒቱ። የክብሪቶቹን ራስ በቀለጠ ሻማ ነክሮ ማድረቅም ይረዳል፤ ሲጭሩ ሰሙ ይላጣል።

ላይተር ከክብሪት ይሻላል። ይህን በግልጽ ልናገር፤ «የድሮው ይበልጣል» የሚል ወግ አይመቸኝም። አንድ ተራ ላይተር ከብዙ ፓኮ ክብሪት የበለጠ ይለኮሳል፤ በአንድ እጅ ይሠራል፤ ልጅ ያዘለች ሴት ሁለት እጅ የላትም። ውኃ ውስጥ ቢወድቅ እንኳ ያለቀለት አይደለም፦ አራግፎ፣ እፍ ብሎ፣ ጥርሳሟን ጎማ ሱሪ ላይ ወይም ነጠላ ላይ ደጋግሞ ማሽከርከር ነው፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ፍንጣሪ ይሰጣል። ስትገዙ ጋዙ የሚታይበትን፣ በጎማ የሚጫረውን ግዙ። ቁልፉ ሲጫን «ጠቅ» የሚለው ኤሌክትሪኩ ዓይነት ከረጠበና ከተበላሸ የሚጠገን ነገር የለውም። ሻንጣ ውስጥ ስታስቀምጡት ደግሞ ከመጫኛው ሥር የታጠፈ ወረቀት ወይም ላስቲክ ሸጉጡበት፤ ልብስ ተጭኖት ጋዙ ሲተን ከርሞ በሚያስፈልግበት ቀን ባዶ የሚሆነው ብዙ ነው።

ላይተርም ጉድለት አለው። ሰሜን ተራሮች ወይም ባሌ ሳነቴ ላይ ድንኳን ተክሎ የሚያድር ሰው ጠዋት ላይተሩን ብብቱ ውስጥ ሳያሞቅ ላይነሳለት ይችላል፤ ውስጡ ያለው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መትነን ያቅተዋል። ኩርሙክ ላይ ችግሩ ተቃራኒው ነው፤ ቆላው ፀሐይ ላይ የተረሳ ላይተር ሊፈነዳ ይችላል።

ሦስተኛው በእኛ ገበያ ብዙም የማይታየው ነው፤ በቢላ ጀርባ ሲፋቅ የጋለ ፍንጣሪ የሚረጭ ጥቁር የብረት ዘንግ። እንግዳ ነገር አይደለም። ላይተር ውስጥ ያለችው ትንሽ «ድንጋይ» ራሷ ናት፣ ተለቅ ብላ የተሠራች። ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ እ.ኤ.አ. በ1903 ነው ሴሪየም የተባለውን ማዕድን ከብረት ጋር አዋሕዶ ያስመዘገባት። ጋዝ የላት፣ መጫሪያ ካርቶን የላት፤ ወንዝ ውስጥ ወድቃ ብትወጣ ተጠርጋ ትሠራለች፤ በሺዎች ጊዜ ትፋቃለች። ካምፒንግ የሚወዱ ሰዎች እንደ ጣዖት የሚያመልኳት በዚህ ነው።

እኔ ግን ለተፈናቃይ ቤተሰብ የመጀመሪያ መሣሪያ አድርጌ አላቀርባትም። ፍንጣሪ ነበልባል አይደለም። ጥሩ ማቀጣጠያና ልምድ ይፈልጋል፤ ዝናብ ላይ በመጀመሪያ ሙከራው የሚሳካለት ሰው ጥቂት ነው። እርዳታ ሠራተኛ እጅ ላይ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቦርሳ ውስጥ፣ የቀበሌ ሚሊሻ ወገብ ላይ፣ ማር ቆራጭና ወርቅ አጣቢ ዘንድ ብትኖር ግን ዋጋዋ ትልቅ ነው። ከውጭ የምትመጡ ወገኖች ሻንጣችሁ ውስጥ ሽቶ ከምትጨምሩ እሷን ጨምሩ።

የትኛውም መሣሪያ ቢመረጥ ግን ግማሹ ሥራ ማቀጣጠያው ነው፤ በዚህ ደግሞ ክልሉ ሀብታም ነው። ከአገራችን ቆላ ቀርከሃ፣ ማለትም ሽመል፣ ትልቁ ክፍል ያለው እዚያ ነው። የአሶሳው ሽመል እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት አይደለም፣ አብዛኛው ድፍን ነው፤ ቆሞ የደረቀ አንድ ዘንግ ቢገኝ ላዩ ዝናብ ቢመታውም ተሰንጥቆ ሲታይ ውስጡ ደረቅ ነው። ያንን በቢላ ፍቆ ማበጠር እንደ ጥጥ የሚቀጣጠል ፋቂ ይሰጣል። ከዚያ ሌላ የብስክሌት ካላማዳሪያ አለ። ጣት የምታህል ቁራጭ ረጥባም ቢሆን ትነዳለች፣ እርጥብ ጭራሮ እስኪይዝ ድረስ ለደቂቃዎች ትቆያለች። ጭሱ ክፉ ነው፣ ምግብ ከመጣዱ በፊት መጨረስ አለበት። ቫዝሊን የተቀባ ጥጥም እንዲሁ ነው፤ ከጭሱ በስተቀር።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እርዳታ ሰጪው የማያየው፣ ባለጉዳዩ ግን የሚያውቀው። በጋዜጠኛ ቋንቋ «የተዳፈነ እሳት» ስንል ያላበቃ ግጭት ማለታችን ነው፤ መተከልን በዚህ ቃል ስንት ጊዜ ጽፈንበታል። በባለቤቶቹ ቋንቋ ግን የተዳፈነ እሳት ማለት ነገ ጠዋት ቁርስ አለ ማለት ነው። ፍሙን ሰብስቦ አመድ አልብሶ ማሳደር፣ ጠዋት ጎረቤት መጥቶ መጫር። አማርኛችን ክብሪትንም የጎረቤትን እሳትም በአንድ ግሥ «መጫር» ማለቱ ያለ ምክንያት አይደለም። መጠለያ ውስጥ አሥር ቤተሰብ አንድ የተዳፈነ እሳት ቢጠብቅ አንድ ላይተር ለወራት ይበቃል፣ ማገዶውም ይቆጠባል። ማገዶ መቆጠብ ደግሞ ሴቶችና ሴት ልጆች ጫካ የሚገቡበትን ጊዜ መቀነስ ነው፤ በእነዚህ አካባቢዎች ጫካ መግባት ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ ቻናል አንባቢ አልነግርም። መጠለያ ሲሠራ ግን ይህ አይታሰብም። ሸራዎቹ ትከሻ ለትከሻ ይተከላሉ፣ የጋራ ማብሰያ ቦታ አይተውም፣ ሁሉም በየሸራው ሥር ለብቻው ያነዳል።

ከዚህ ነው ትክክለኛው ተቃውሞ የሚመጣው። «ቤት በተቃጠለበት ክልል እሳት መለኮሻ ታድላለህ ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ወዳጅ አለ። ቤት ያቃጠለው ሰው ክብሪት አጥቶ አያውቅም፤ ክብሪት ያጣችው ቤቷ የተቃጠለባት ናት። የአደጋው ጥያቄ ግን እውነተኛ ነው። ከኅዳር በኋላ የክልሉ ረጅም ሣር ደርቆ ጭድ ይሆናል። ሽመል ደግሞ በየብዙ ዓመቱ በጅምላ ያብብና በጅምላ ይሞታል፤ የደረቀው ጫካ ለአንዲት ፍንጣሪ የተዘጋጀ ነው። የፕላስቲክ ሸራ ከተያያዘ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ ላይተር የሚታደልበት ቀን ስለ ርቀት፣ ስለ አሸዋና ስለ ውኃ ባልዲ መነገር አለበት፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሽናሻ፣ ኩርሙክና ኡራ ላይ በዐረብኛም። ሣሩ በደረቀበት ወቅት ከቤት ውጭ የሚነደው እሳት ዙሪያው ሁለት ሜትር ያህል ተጠርጎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይሁን። ላይተሩም ሕፃን በማይደርስበት ይሰቀል።

ጉባ ላይ የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት። ሁላችንም ኮርተናል፣ እኔም። በዚያው ክልል ውስጥ ያለ መጠለያ ግን እስከ ዛሬም በጉልቻ ነው የሚያበስለው፤ ነገ ጠዋት ሶኬት አይገባለትም። ትልቁን ሥራ የሠራ መንግሥት ትንሿን ማድረግ አያቅተውም።

የምለው ይኸው ነው። ከእያንዳንዱ የስንዴ ከረጢት ጋር ጋዙ የሚታይ ሁለት ላይተር፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ የታሸገ አንድ ክብሪት፣ አንድ ሻማ፣ አንድ ጣት ካላማዳሪያ። ሁለት ያልኩት አንዱ ስለሚጠፋ ነው። ለአስተባባሪው ደግሞ አንድ የፍንጣሪ ዘንግ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከከረጢቱ ማጓጓዣ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ወጪ አይደለም። የክልሉ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር፣ ቀይ መስቀልና ስደተኞችን የሚያስተናግዱት ተቋማት የዝርዝሩን አንድ መስመር ማስተካከል ይበቃቸዋል። ግን ግንቦት ከመግባቱ በፊት መጋዘን ውስጥ መግባት አለበት፤ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ አሶሳን ከወረዳዎቹ የሚያገናኙት ጥርጊያ መንገዶች ጭቃ ይሆናሉ፣ መኪናውም መንገድ ላይ ይቀራል።

በግላችሁ ደግሞ፣ አሶሳም ሁኑ ባምባሲ ወይም ቻግኒ፣ ዛሬ ማታ መታወቂያችሁን የምታስቀምጡበት ቦርሳ ውስጥ አንድ ላይተር ክተቱ። ከመጫኛው ሥር ወረቀት ማድረጉን አትርሱ።