ተቀመጡ አትበሉን

ወዳጆቼ፣ ልጆቼ (ተማሪዎቼን ነው። ጢም ብታበቅሉም፣ ልጅ ብትድሩም ለእኔ ልጆች ናችሁ።) "ጠፋህ" ላላችሁኝ ሁሉ ምክንያቴ ይኸውላችሁ።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ጠዋት ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ዝናብ ያረጠባት የቤቴ ደረጃ አዳለጠችኝ። ብዙ ደረጃ እንዳይመስላችሁ፤ አንዲት ናት! ተማሪ እየመራ ላሊበላንና ጎንደርን የወጣ የወረደ እግር፣ 20 ዓመት በኖረበት ቤት በር ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ሰው እንዲህ ነው እንግዲህ። በእግሩ የወጣ በሰው ትከሻ ይመለሳል።

ለ6 ሳምንት ጀሶ ታሰረልኝ። ጎረቤትም ዘመድም አላሳፈሩኝም፤ እግዜር ይስጣቸው። "ጋሼ፣ እንዳይነሱ!" ይላል አንዱ። "አባዬ፣ አንተ ተቀመጥ፣ ምን ጎደለህ?" ትላለች ልጄ። ውሃው አጠገቤ፣ ሪሞቱ አጠገቤ፣ ስልኩ አጠገቤ። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ጀሶው ሲፈታ ግን እግሬ የእኔ አልመስልህ አለኝ። ባቴ መንምኗል፤ ልቁም ስል ጉልበቴ ከዳኝ። የዚያን ቀን ማታ ሰው ሳያየኝ አለቀስኩ።

በኋላ የረዳኝ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት "ጋሼ፣ አጥንትዎ ገጥሟል፤ አሁን የምፈራልዎት ወንበሩን ነው" አለኝ። ጡንቻ ካልሠራ በሳምንታት ውስጥ ይመነምናል፤ በእኛ ዕድሜ ደግሞ የሄደው ቶሎ አይመለስም። ጡንቻ ሲደክም ሚዛን ይጠፋል፣ ሚዛን የጠፋው ሰው እንደገና ይወድቃል፣ የወደቀው ደግሞ ፈርቶ ይቀመጣል።

ይህን ሲነግረኝ አንድ ሟች ባልደረባዬ ትዝ አለኝ። ጡረታ እንደወጣ ወገቡን አመመው። "አረፍ በል፣ ስንት ዓመት ቆመህ አስተምረሃል" አልነው። እኔም ብያለሁ። አረፈ በቃ፤ ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ። በሁለት ዓመቱ ቀበርነው። መቀመጡ ገደለው እንዳልል ሐኪም አይደለሁም። ግን ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ብርቱካን ይዤ ሄድኩ እንጂ አንድ ቀን እንኳ "ና፣ እስከ አስፋልቱ እንሂድ" አላልኩትም። ይህ ይቆጨኛል።

ቤት በዋልኩበት ጊዜ ስለ አበበ ቢቂላ ብዙ አሰብኩ። ታሪክ ያስተማርኳችሁ ታስታውሳላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ 6 ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ ድጋሚ ወርቅ። እዚያ ላይ እናንተ ታጨበጭባላችሁ፣ ደወሉም ይደወላል። የቀረውን በቅጡ አላስተማርኳችሁም፤ ይቅርታ። በ1969 የመኪና አደጋ ደረሰበትና እነዚያ እግሮች ዳግም መራመድ አልቻሉም። በዓመቱ ግን እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንዴቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ በቀስት ውርወራ ተሰለፈ። በ1971 ኖርዌይ ሄዶ ውሻ በሚጎትተው የበረዶ ተንሸራታች ተወዳደረ። በ1973 ገና በ41 ዓመቱ አረፈ። ዓለምን ያሸነፈ እግር እንኳ በአንድ ምሽት ይሄዳል። እሱ ግን እግሩ እምቢ ሲለው በእጁ ቀጠለ።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ወላጅ መጦር ትልቅ ባህላችን ነው፤ አይጥፋብን። ግን መጦርና ማስቀመጥ ተምታቶብናል። እናት "ቡናውን እኔ ልቁላ" ስትል ከእጇ እንቀማታለን፤ አባት ሱቅ ድረስ ልሂድ ሲል ልጅ እንልካለን። ደግ ያደረግን ይመስለናል። ሳናውቀው ጉልበታቸውንም እየቀማናቸው እኮ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። 65 ዓመት የሞላው ሰው ደግሞ በሳምንት 3 ቀን ሚዛን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ ይጨምር ይላል። 150 ደቂቃ ሲሰሙት ይከብዳል እንጂ በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን ነው። ፈጠን ብሎ መራመድ ይበቃል፤ ጂም አያስፈልግም። መራመድ የማይችልም ተቀምጦ እጁን ያንቀሳቅስ። ሐኪም አትነሳ ያለው አይነሳ፤ ሐኪም ተነስ ያለውን ግን እኛ አናስተኛው።

እኔማ የመጀመሪያው ቀን በክራንች እስከ ሳሎኑ በር ሄድኩ። በሳምንቱ እስከ ግቢው በር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ለልጆች የሚነገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለሽማግሌም ነው። ዛሬ ጠዋት ምርኩዜን ይዤ ዳቦ ቤት ደረስኩ። ዳቦውን በፌስታል ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ ተመለስኩና ያቺን ደረጃ ግድግዳውን ተደግፌ ወጣኋት። ልጄ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። "አባዬ፣ ተቀ..." ብላ ጀመረችና ተወችው።

እናንተም ዛሬ እናት አባታችሁ ጋ ደውሉ። "እንዴት አደራችሁ?" ካላችሁ በኋላ "ዛሬስ የት ድረስ ሄዳችሁ?" በሏቸው። ቅርብ ያላችሁ ደግሞ አብራችኋቸው ሂዱ።

ሰላም ዋሉ።